መንገድና መዝገብ

አንድ መንገድ የሕዝብ ነው ወይስ የግል? ጥያቄው አንድ ይመስላል እንጂ ሦስት ነው። ማን ሊሄድበት ይችላል? መሬቱ የማን ነው? ሲፈርስ ማን ይጠግነዋል? ሦስቱም መልሳቸው አንድ ሊመስል ይችላል፤ መንግሥት የሠራው የመንግሥት ነው፣ መንግሥት ይጠግነዋል፣ ማንም ይሄድበታል፤ ግለሰብ በይዞታው ላይ ያወጣው ደግሞ የራሱ ነው፣ ራሱ ይጠግነዋል፣ ያልተፈቀደለት አያልፍበትም። የእንግሊዝ ሕግ ግን ሦስቱን ጥያቄዎች ለየብቻቸው ነው የሚመልሳቸው። በዚያ አገር ሕዝብ ሁሉ እንዲያልፍበት መብት ያለው፣ መሬቱ የአንድ ገበሬ የሆነ፣ የመጠገን ግዴታ ግን ማንም የሌለበት መንገድ ሊኖር ይችላል፤ በእርግጥም አለ። የአካባቢ ካውንስሎች መንገዶችን የሚመዘግቡበት አሠራር የተወሳሰበው በዚህ ምክንያት ነው። ከውስብስቡ በታች ደግሞ ዕድሜ ጠገብ የሆነ የፍልስፍና ክርክር ተኝቷል፦ መንገድን የሕዝብ የሚያደርገው የሚረግጠው እግር ነው ወይስ የሚጽፈው መዝገብ?

ከመሬቱ መጀመር ይቀላል። በሦስተኛው መቶ ዓመት መባቻ የጻፈው የሮማ የሕግ ሊቅ ኡልፒያን መንገዶችን በሦስት ከፍሎ ነበር። የሕዝብ በሚባለው መንገድ መሬቱ ራሱ የሕዝብ ነው። በግል መንገድ ግን መሬቱ የባለቤቱ ሆኖ ሌላው ሰው ያለው የማለፍ መብት ብቻ ነው። ሦስተኛው ወደ መንደር የሚያስገባው የመንደር መንገድ ነው፤ ይህኛው ኡልፒያንንም ሳያወዛግበው አልቀረም። የእርሱ መፍትሔ እንዲህ ነበር፦ መንገዱ የወጣው ግለሰቦች መሬታቸውን አዋጥተው ከሆነ የሕዝብ ነው ማለት ያስቸግራል፤ ነዋሪዎቹ የሚያዋጡት ለጥገናው ብቻ ከሆነ ግን በዚህ ምክንያት የግል አይሆንም፣ ጥቅሙ የጋራ ስለሆነ ወጪውም የጋራ ሆነ እንጂ። ያዋጣ ሁሉ ባለቤት አይሆንም የሚለው ይህ አቋም ከሮማ መንግሥት ይልቅ ዕድሜው ረዝሟል።

እንግሊዞች ሌላ መሥመር ተከተሉ። በሁለት ማሳዎች መካከል የሚያልፍ መንገድ ካለና ተቃራኒ ማስረጃ ካልቀረበ፣ የመንገዱ መሬት እስከ መካከሉ ድረስ ግማሹ የቀኙ ባለ ማሳ፣ ግማሹ የግራው ነው ተብሎ ይገመታል። ካውንስሉ መንገዱን የመጠገን ኃላፊነት ሲረከብ ባለቤት የሚሆነው የላዩን ብቻ ነው። ላዩ ግን ምን ያህል ይጠልቃል? ይህን ጥያቄ የመጸዳጃ ቤት ጉዳይ ያኔ የአገሪቱ ከፍተኛ ፍርድ ቤት እስከነበረው እስከ ጌቶች ምክር ቤት ድረስ አደረሰው። የተንብሪጅ ዌልስ ከተማ አስተዳደር ከአንድ ጎዳና ሥር ቆፍሮ የሕዝብ መጸዳጃ ሠርቶ ነበርና በመንገዱ ዳር ያለው ባለ መሬት ከሰሰው። እ.ኤ.አ. በ1896 የተሰጠው ፍርድ ለባለ መሬቱ ሆነ። አስተዳደሩ የተሰጠው ጎዳናውን ጎዳና አድርጎ ለማቆየት የሚያስፈልገውን ያህል እንጂ የከርሰ ምድሩን ባለቤትነት አይደለም ተባለ። የሕግ ሰዎች ይህን ውፍረት በአካፋ ይለኩታል፤ ከላይ ሁለት አካፋ የሚያህል አፈር የካውንስሉ ነው ይላሉ። በ2018 የብሪታንያ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በለንደን ከተማ ትራንስፖርትና በሳዘርክ ካውንስል መካከል በተነሣ ክርክር ወደዚሁ ጉዳይ ተመልሶ ነበር። ስለዚህ የእንግሊዝ መንገድ ከጎን ቢታይ እንደ እንጀራ የሳሳ የሕዝብ ሽፋን ነው፤ ከሥሩ የግለሰብ መሬት አለ።

ሽፋኑ ላይ መቆም ራሱ ምን ማለት ነው የሚለውም አከራክሯል። እ.ኤ.አ. በ1893 በተፈረደ ጉዳይ፣ አንድ ሰው የሩትላንድን መስፍን የአደን ቀን ለማበላሸት አስቦ በመስፍኑ መሬት በሚያልፈው የሕዝብ መንገድ ላይ ቆመና ጃንጥላውን እየከፈተና እየዘጋ ወፎቹን ያስበረግግ ጀመር። የመስፍኑ ሰዎች አደኑ እስኪያልፍ ድረስ መሬት ላይ አጋድመው ያዙት። ጥቃት ፈጸሙብኝ ብሎ ከሰሰ፤ ዳኞቹ ግን መንገዱን ለማለፍ ስላልተጠቀመበት በሰው መሬት ላይ ያለ ፈቃድ እንደገባ ይቆጠራል አሉ። ሕዝቡ የነበረው መብት የመሄድና የመመለስ እንጂ የመቆም አልነበረም ማለት ነው። ከአንድ መቶ ዓመት በላይ ቆይቶ፣ በ1999፣ በስቶንሄንጅ አቅራቢያ በመንገድ ዳር በሰላም የተሰበሰቡ ሰዎች ጉዳይ የጌቶች ምክር ቤት ሲደርስ ሦስት ዳኞች ለሁለት በሆነ ድምፅ ሐሳቡ ሰፋ። የሌላውን መተላለፊያ እስካልዘጋና ሰላም እስካላደፈረሰ ድረስ፣ በመንገድ ላይ መቆምና መሰብሰብም ተገቢ አጠቃቀም ሊሆን ይችላል ተባለ። የሁለት ድምፅ ልዩነት እንኳ እንዳልነበረ ልብ ይሏል።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ፣ መንገድ የሕዝብ ወደሚሆንበት ምሥጢር፣ መግባት ይቻላል። በእንግሊዝና በዌልስ እ.ኤ.አ. የ1980 የመንገዶች ሕግ 31ኛ አንቀጽ እንደሚለው፣ ሕዝብ በአንድ መተላለፊያ 20 ዓመት ሙሉ ያለ ማቋረጥ እንደ መብቱ ከተጠቀመ፣ ባለ መሬቱ መተላለፊያውን ለሕዝብ እንደ ሰጠ ይቆጠራል። «እንደ መብቱ» ለመባል ከሮማውያን የተወረሱ ሦስት ነገሮች መቅረት አለባቸው፤ ጉልበት፣ ድብቅነት እና ፈቃድ። አጥር ሰብሮ የሄደ አይቆጠርለትም፤ በሌሊት ተደብቆ የሄደም እንዲሁ። የሚገርመው ሦስተኛው ነው። ባለ መሬቱ «እለፉ፣ ግድ የለም» ብሎ ከፈቀደ ሕዝቡ መቶ ዓመት ቢመላለስ መብት አያገኝም፤ ዝም ብሎ ካያቸው ግን ከ20 ዓመት በኋላ መሬቱ ላይ የሕዝብ መንገድ ይቆማል። ደግነቱን በቃል የገለጸ ባለ መሬት መብቱ ሳይነካ ሲቀር፣ ዝም ያለው ይሰጣል።

ስለዚህ በገዛ መሬታቸው ላይ ሕዝብ የሚያሳልፉ ባለቤቶች ዝምታቸውን መስበር አለባቸው። «የግል መንገድ» የሚል ሰሌዳ የሚተክሉ አሉ፤ በየጊዜው ካርታና የቃል ማረጋገጫ ለካውንስሉ የሚያስገቡም አሉ። በኒው ዮርክ የሮክፌለር ማዕከል ባለቤቶች በመካከሉ የሚያልፈውን የግል ጎዳና በዓመት አንድ ቀን የሚዘጉት በዚሁ ዓይነት ስጋት ነው። በ2007 ደግሞ የእንግሊዝ የጌቶች ምክር ቤት ባለ መሬቱ «አልሰጠሁም» የሚለውን ሐሳቡን ለመንገደኛው በሚታይ መንገድ መግለጽ እንዳለበት ወሰነ። ለጠበቃው በደብዳቤ የጻፈው ወይም በልቡ የያዘው አይቆጠርለትም።

ይህ ሁሉ በአንድ ልብ ወለድ ላይ የቆመ ነው፤ ማንም ያልሰጠውን ነገር አንድ ሰው እንደ ሰጠው አድርጎ ማሰብ። የአይሁድ ሊቃውንት ያለዚህ ልብ ወለድ ወደ ተመሳሳይ ቦታ ደርሰዋል። እ.ኤ.አ. በ200 ገደማ የተጠናቀረው ሚሽና፣ ባባ ባትራ በተባለው ክፍሉ፣ የግል መተላለፊያ ስፋቱ አራት ክንድ፣ የሕዝብ መንገድ አሥራ ስድስት ክንድ፣ የንጉሥ መንገድ ግን ልክ የሌለው መሆኑን ይደነግጋል። ከዚያ አንድ ጉዳይ ያነሣል፦ የሕዝብ መንገድ ማሳውን ለሁለት የከፈለበት ሰው ያንን ወስዶ አርሶ በማሳው ዳር ሌላ መንገድ ቢሰጥስ? መልሱ ጠንከር ያለ ነው፤ በዳር የሰጠው ተሰጥቷል፣ በመካከል የወሰደው ግን አይገባውም፤ ሰውየው በሁለት መንገድ ይቀራል። ታልሙድ ይህን ሲያብራራ ከሚያነሣቸው ምክንያቶች አንዱ፣ ሕዝብ የያዘውን መተላለፊያ ማበላሸት ክልክል ነው የሚለው የረቢ ይሁዳ ቃል ነው። እዚህ ላይ ስለ ሰጪው ልብ ምርመራ የለም። ሕዝብ መያዙ በቂ ነው።

ሁለቱ አስተሳሰቦች የሚለያዩት በውጤት አይደለም፤ ስለ ሕዝብ ባላቸው ግምት ነው። ለረቢዎቹ ሕዝብ ራሱ መብት ሊይዝ የሚችል አካል ነው። ለእንግሊዝ ዳኛ ግን ማንም ሰው ከሌላ ሰው ካልተቀበለ በቀር መሬት ላይ መብት ሊኖረው አይችልም፤ ሰጪ ካልታየ ሰጪ መፈጠር አለበት። የእንግሊዙ ዘዴ ተንኮል የበዛበት ቢመስልም አንድ ነገር አጥብቆ ይጠብቃል፦ ጉልበት መንገድ አይወልድም። የረቢዎቹ ደግሞ ባለጸጋ በአንድ ሌሊት አጥር አጥሮ የአገሩን መንገድ እንዳይወስድ ይከላከላል። የትኛው ይሻላል ለማለት የአገሩን ባለጸጎችና የአገሩን ጉልበተኞች ማወቅ ያሻል።

እስካሁን ያለው ስለ ማለፍ ነው። መጠገን ሌላ ታሪክ አለው። እ.ኤ.አ. በ1285 የወጣው የዊንቸስተር ሕግ ከገበያ ከተማ ወደ ገበያ ከተማ በሚወስዱ መንገዶች ግራና ቀኝ ሁለት መቶ ጫማ ድረስ ቁጥቋጦ እንዲመነጠር አዝዞ ነበር። ዓላማው ጥገና ሳይሆን ሽፍታ እንዳይደበቅ ነው። ትክክለኛው የጥገና ሥርዓት የመጣው በ1555፣ በንግሥት ሜሪና በባሏ በፊሊፕ ዘመን ነው። እያንዳንዱ አጥቢያ ሁለት የመንገድ ኃላፊዎች ይመርጣል፤ እያንዳንዱ አባወራ በዓመት አራት ቀን ወጥቶ ይሠራል፤ ባለ ሀብቱ ጋሪ ከነሰዉ ያቀርባል። ብዙም ሳይቆይ ቀኖቹ ስድስት ሆኑ። ኃላፊዎቹ ደመወዝ አልነበራቸውም፤ ጎረቤታቸውን ከእርሻው ጠርተው ድንጋይ እንዲሰብር ማዘዝ ግን ነበረባቸው። ሹመቱን የሚመኝ ሰው መጥፋቱ አያስገርምም።

ግዴታው የሁሉም ከሆነ ሳይፈጸም ሲቀር የሚጠየቀው ማን ነው? በ1788 አንድ ሰው ሠረገላው ባልተጠገነ ድልድይ ምክንያት ስለ ተጎዳበት የዴቨን አውራጃን ነዋሪዎች ሁሉ ከሰሰ። ፍርድ ቤቱ ክሱን አልተቀበለም። ነዋሪዎቹ የጋራ ሣጥን የላቸውም፤ ካሣው ከአንድ ሁለት ሰዎች ቢወሰድ እነርሱ ደግሞ ሌላውን ሁሉ መክሰስ ሊኖርባቸው ነው፤ ስለዚህ ሕዝብ ከሚቸገር አንድ ሰው ጉዳቱን ቢሸከም ይሻላል ተባለ። የወንጀል ክስ ግን ይቻል ነበር፤ አጥቢያውን ከስሶ ማስቀጣትና በመቀጫው መንገዱን ማስጠገን የተለመደ ነበር። በዚህ ፍርድ ውስጥ ያለው ሐሳብ ሊናቅ አይገባውም። የሁሉም የሆነ ግዴታ በእርግጥ አለ፤ ይቀጣልም፤ ነገር ግን ለአንዱ ለተጎዳው ሰው የሚመልስ ፊት የለውም። ሁኔታው ከመቶ ሰባ ዓመት በላይ ቆየ። መንገድ ባለመጠገኑ ምክንያት ለሚደርስ ጉዳት ካውንስል እንዲጠየቅ የፈቀደው ሕግ የወጣው በ1961 ነው።

ያ ሕግ ለካውንስሎች አንድ መከላከያም ሰጥቷቸዋል፤ እንደ ሁኔታው ሊደረግ የሚገባውን ጥንቃቄ ሁሉ እንዳደረጉ ካስረዱ ከኃላፊነት ይድናሉ። መዝገብ አዲስ ሥራ ያገኘው በዚህ ነው። ተቆጣጣሪው በተመደበው ቀን በመንገዱ ላይ እየሄደ ጉድጓዱን ይለካል፤ በብዙ ካውንስሎች ጥልቀቱ 40 ሚሊ ሜትር ከደረሰ ለጥገና ይመዘገባል፤ ዙሪያው በሚረጭ ቀለም ይከበባል፤ ቀኑና ሰዓቱ ይጻፋል። መኪናው የተሰበረበት ሰው ከስሶ ሲመጣ በፍርድ ቤት የሚቀርበው ይህ ጽሑፍ ነው። የ38 ሚሊ ሜትር ጉድጓድና የ42 ሚሊ ሜትር ጉድጓድ ለጎማ ብዙም አይለያዩም፤ ለሕግ ግን ሁለተኛው ቸልታ ሲሆን የመጀመሪያው የመንገድ ጠባይ ነው።

የግል መንገድ ችግርም የመነጨው ከጥገናው ታሪክ ነው። እስከ 1835 ድረስ የሕዝብ የሆነ ማንኛውም የጋሪ መንገድ በአጥቢያው ነዋሪዎች ጫንቃ ላይ ይወድቅ ነበር። በዚያ ዓመት የወጣው ሕግ የጉልበት ሥራውን አስቀርቶ በግብር ተካው፤ ከዚያ ወዲያ የሚወጣ አዲስ የጋሪ መንገድም በደንቡ መሠረት ርክክብ ካልተፈጸመ በቀር በሕዝብ ገንዘብ እንዳይጠገን ደነገገ። ከተሞች በፍጥነት እያደጉ ነበርና ቤት ሠሪዎች መንገድ አውጥተው፣ ቤት ሸጠው፣ ርክክብ ሳይፈጽሙ ሄዱ። በ1972 በተደረገ ቆጠራ በእንግሊዝና በዌልስ 40,000 ያህል፣ ርዝመታቸው ሲደመር 4,000 ማይል የሚሆኑ ያልተረከቡ መንገዶች ነበሩ። ዛሬ ቤት የሚገዛ ሰው ጠበቃ ለካውንስሉ ከሚልካቸው የተለመዱ ጥያቄዎች አንዱ በቤቱ ፊት ያለው መንገድ በሕዝብ ወጪ ይጠገናል ወይ የሚለው ነው። መልሱ «አይጠገንም» ከሆነ ጉድጓዱን የሚደፍነው ገዢውና ጎረቤቶቹ ተዋጥተው ነው። ብዙውን ጊዜ በዚያው መንገድ የፖስታ ሰውም፣ የትምህርት ቤት ልጆችም፣ ያልታወቀ መንገደኛም ሁሉ እንደ መብታቸው ያልፋሉ።

በኢትዮጵያ ይህ እንቆቅልሽ ሌላ መልክ አለው። የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ በመንግሥት ወይም በአስተዳደር አካላት እጅ ያሉ መንገዶችንና ጎዳናዎችን ከሕዝብ አገልግሎት ንብረት ይመድባቸዋል፤ ሊሸጡም ሆነ በረጅም ይዞታ የግል ሊሆኑ አይችሉም። ከ1967 ዓ.ም. ወዲህ መሬት የግል መሆኑ ስለ ቀረ የቀኙ ግማሽና የግራው ግማሽ የሚባል ክርክር መነሻ የለውም። የኡልፒያን ሦስተኛ ምድብ ግን እዚህም አለ። በአዲስ አበባ ብዙ የሰፈር ውስጥ የኮብልስቶን መንገዶች የተነጠፉት ነዋሪዎች ገንዘብ አዋጥተው ነው። በአንዳንድ ሰፈር ደግሞ ነዋሪዎች ተስማምተው በመግቢያው ላይ የብረት በር ያቆማሉ፣ ዘበኛ ይቀጥራሉ፤ መሽቶ የሚመጣ እንግዳ «ወዴት ነህ?» ይባላል። ያዋጣ ሰው መንገዱ የራሱ ሆኖ ቢሰማው አይፈረድበትም፤ ነገር ግን ያዋጣው ለንጣፉ እንጂ ለማለፉ አይደለም።

የእንግሊዝ ካውንስሎች ከሚይዟቸው መዛግብት ሦስቱ ለዚህ ጉዳይ ዋና ናቸው። አንደኛው በ1980ው ሕግ 36ኛ አንቀጽ የታዘዘው በሕዝብ ወጪ የሚጠገኑ መንገዶች ዝርዝር ነው፤ በካውንስሉ ጽሕፈት ቤት ይቀመጣል፣ ማንም ሰው ያለ ክፍያ ሊያየው ይችላል። ይህ ዝርዝር የሚመልሰው «ማን ይጠግናል?» የሚለውን ብቻ ነው፤ መንገዱ የመኪና ይሁን የፈረስ ወይስ የእግረኛ አይነግርም። ሁለተኛው እ.ኤ.አ. በ1949 በወጣው ሕግ የተጀመረው የእግረኛና የፈረስ መንገዶች ካርታ ነው። አጥቢያዎች ሰዎቻቸውን አሰማርተው መንገዶቻቸውን አስለቀሙ፤ ካውንቲዎቹ አሰባስበው ሣሉት። አንዳንዱ አጥቢያ ተግቶ ሠራ፤ ሌላው ግድ አልነበረውም፤ ስለዚህ በአጥቢያ ድንበር ላይ ድንገት የሚቋረጡ መንገዶች ዛሬም በካርታው ላይ ይታያሉ። ሦስተኛው እያንዳንዱን ጎዳና በመለያ ቁጥር የሚዘረዝረው አገር አቀፍ የጎዳናዎች መዝገብ ነው፤ በዚህ ውስጥ የግል መንገዶችም አሉ፤ አምቡላንስ ሲጠራ የመንገዱ ባለቤት ማን እንደሆነ አይጠየቅምና።

ከሦስቱ የእግረኛው ካርታ ለፍልስፍናው ክርክር ከሁሉ ይበልጣል። በሕጉ መሠረት በካርታው ላይ የተሣለ መንገድ መኖሩ የማያከራክር ማስረጃ ነው፤ ያልተሣለ መንገድ አለመኖሩን ግን ካርታው አያስረዳም። መዝገቡ ሲናገር ይታመናል፣ ዝም ሲል ግን ዝምታው ማስረጃ አይሆንም። ይህ ሚዛን ጥሩ ሚዛን ነው። መዝገብ ምስክር ነው ብሎ ለሚያምን ሰው ምስክር ያላየውን ነገር «አልነበረም» ሊል አይችልም። መዝገብ ፈጣሪ ነው የሚል ሰው ብቻ ነው ያልተጻፈው የለም የሚለው።

የእንግሊዝ ፓርላማ እ.ኤ.አ. በ2000 ወደዚህ ሁለተኛ አስተሳሰብ አዘነበለ። በዚያ ዓመት የወጣው ሕግ ከ1949 በፊት የነበሩ የእግረኛና የፈረስ መንገዶች እስከ ጥር 1 ቀን 2026 ካልተመዘገቡ መብቱ እንዲጠፋ ቀን ቆረጠ። ዓላማው ባለ መሬቶች መቼ ምን እንደሚመጣባቸው ሳያውቁ እንዳይኖሩ ነበር፤ ይህም ምክንያት የሌለው አልነበረም። ነገር ግን ከአሮጌ ሰነድ መንገድ ማስመዝገብ ከባድ ሥራ ነው። የአሥራት ግብር ካርታዎች፣ የጋራ መሬት በታጠረ ጊዜ የተጻፉ ውሳኔዎች፣ በ1910 ለመሬት ግብር የተደረገው ግምት፣ ሁሉም ይመረመራሉ፤ አንድ ማመልከቻ በካውንስል ጠረጴዛ ላይ ዓመታት ይተኛል። በ2020 የእግር ተጓዦች ማኅበር በጎ ፈቃደኞቹን አሰማርቶ አሮጌውን ካርታ ከአዲሱ ጋር ሲያስተያይ ከካርታ የወጡ ሊሆኑ የሚችሉ ወደ 49,000 ማይል የሚጠጉ መንገዶች ማግኘቱን አስታወቀ።

የተቆረጠው ቀን ከዚያ ወዲህ አልረጋም። በ2022 መንግሥት ቀነ ገደቡን እንደሚሰርዝ ተናገረ፤ በ2023 ሐሳቡን ለውጦ እስከ ጥር 1 ቀን 2031 አራዘመው፤ በ2024 መጨረሻ ደግሞ አዲሱ መንግሥት በእንግሊዝ ጨርሶ ሊሽረው መሆኑን አስታወቀ። ቀነ ገደቡ በተነሣበት ቦታ ሁሉ የሚቀረው የቀድሞው ደንብ ነው፤ አንድ ጊዜ የሕዝብ የሆነ መንገድ ሰው ስለተወው ወይም ሣር ስለበቀለበት ብቻ መብቱ አይጠፋም፤ የሚዘጋው በሕግ በተፈቀደ ትእዛዝ ነው፤ አሮጌ ሰነድ ያገኘ ማንኛውም ሰውም ለካውንስሉ አመልክቶ በካርታው ላይ እንዲሣል መጠየቅ ይችላል።